ከታናሽ ወንድሜ ጋር ያፎካከረችኝ ሰዓት

ይቺን እርምጃ የምትቆጥር የእጅ ሰዓት ከገዛሁ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። ስለ እሷ ከማውራቴ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። ባለፈው ሐሙስ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ፒጃማ ለብሼ አልጋዬን ስዞር ነበር። ለጤናዬ ብዬ እንዳይመስላችሁ። ታናሽ ወንድሜ በ212 እርምጃ በልጦኝ ነው።

ባትሪዋ ጥሩ ነው፣ አንዴ ቻርጅ ከተደረገች አምስት ቀን ትቆያለች። ማሰሪያዋ ላብ ሲነካው ያሳክካል፤ በጨርቅ ቀየርኩት። አቆጣጠሯ ግን ያስቃል። ጥርሴን ስቦርሽ ትቆጥራለች። የሕፃን ጋሪ እየገፋሁ ስሄድ ደግሞ እጄ ስለማይወዛወዝ ዝም ትላለች። ይህን የደረሰበት የ9 ዓመቱ የወንድሜ ልጅ ሶፋ ላይ ተጋድሞ፣ እጁን ብቻ እያወናጨፈ 600 እርምጃ "ተራመደ"። የ3 ዓመቷን እህቱን የማረካት የሚበራው መብራት ነው። ስንተኛ ወጣች? ጉዳይዋም አይደለም።

ይሄ ነው የከነከነኝ። ፉክክር አብሮን ይወለዳል ወይስ ልጆችን እናስለምዳቸዋለን?

ሰዓቷ ራሷ በቀን 10,000 እርምጃ ካልሄድሽ ትላለች። ቁጥሩ የታወቀው በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ መቁጠሪያ ነው፤ ስሙ ማንፖ ኬ፣ "የ10,000 እርምጃ መለኪያ" ማለት ነው። እኔን ይሄ ቁጥር ከወንበሬ አንስቶኝ አያውቅም። የሚያነሳኝ ማን ማንን እንደበለጠ የሚያሳየው ደረጃ ማሳያው ነው። እሱም ቢሆን ሁሉም ስም አይደለም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ 20,000 ትራመዳለች፤ ይመቻት። ወንድሜ ሲሆን ግን ደሜ ይፈላል። ልጅ ሆነን "ከታናሽሽ አንሰሽ!" እየተባልኩ ነው ያደግኩት።

የኢኮኖሚ ተመራማሪው ኡሪ ግኒዚና ባልደረቦቹ በ2009 ያሳተሙት ጥናት ትዝ አለኝ። ታንዛኒያ ውስጥ የማሳይ፣ ህንድ ውስጥ የካሲ ብሔረሰብ ሰዎችን የቴኒስ ኳስ ባልዲ ውስጥ አስወረወሯቸው። ባስገቡት ልክ መከፈል ወይም ከሌላ ሰው ጋር ተወዳድሮ ካሸነፉ ሦስት እጥፍ መውሰድ፣ ምርጫው የነሱ ነው። በማሳይ ውድድሩን አብዝተው የመረጡት ወንዶቹ ናቸው። ውርስ በእናት በኩል በሚተላለፍበት በካሲ ግን ሴቶቹ በለጡ። ጨዋታው ያው ነው፣ አስተዳደጉ ነው የተለየው። እኔም ወደዚያው አደላለሁ። ቅንጣቷ አብራን ትወለድ ይሆናል፣ ማንን እንደምንፎካከር ግን የሚነግሩን ሌሎች ናቸው።

ለሁለት ሳምንት ደረጃ ማሳያውን ዘጋሁት። እርምጃዬ በቀን 3,000 ያህል ቀነሰ። እንቅልፌ ግን ተመለሰ።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቻለሁ። የደረጃ ማሳያው መዝጊያ ሴቲንግ ውስጥ አራተኛው ገጽ ላይ ነው የተወሸቀው። ሰዓቷ ከካርቶኗ ስትወጣ ደረጃ ማሳያው ዝግ ሆኖ ቢመጣ፣ የፈለገ ሰው ራሱ ቢከፍተው፣ አራት እሰጣት ነበር።