«ድብቅ የጫካ ሐይቆች» የሚባለውን የአንድ ቀን ጉዞ ከመክፈላችሁ በፊት

3,600 ብር ነው የበሉኝ። ለእኔ 1,800፣ ለእህቴ ልጅ 1,800። ልጁ አሥር ዓመቱ ነው፤ ወፍ ሲያይ ምግብ ይረሳል።

ማስታወቂያውን ያየሁት ቴሌግራም ላይ ነው። ከባሕር ዳር ተነስተን እዚያው ቀን እንመለሳለን። በጥንታዊ ጫካ ውስጥ የተደበቁ ሦስት ሐይቆች፣ ቀላል የእግር ጉዞ፣ ብርቅዬ አእዋፍ፣ ምሳ፣ አስጎብኚ፣ የርቀት መነጽር፤ ሁሉም አለ። ፎቶው ላይ ጉሬዛ ነጭ ጭራውን አንጠልጥሎ ቁጭ ብሏል። ክፍያው ሙሉ በሙሉ በቅድሚያ፣ በቴሌብር፣ በአንድ ግለሰብ ስም። ደረሰኝ የለም። እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ።

ንጋት 12 ሰዓት ተገኙ ተባልን። ሚኒባሱ የመጣው ለ3 ሩብ ጉዳይ ሲል ነው። ዳንግላ ላይ ደግሞ ቁርስ ብለው አቆሙን፤ ሂሳቡ በራሳችን። ቦታው ስንደርስ ቀትር አልፏል።

«ድብቁ» ሐይቅ ዘንገና ሆኖ ተገኘ! ከእንጅባራ ወደ ከሳ ስትሄዱ አስፋልቱ ዳር ያለው ዘንገና። በዚያ መንገድ የተመላለሰ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። ማንም ከሚኒባስ ወርዶ በእግሩ የሚገባበትን ቦታ ነው እንደ ምስጢር የሸጡልን።

ሐይቁን አላማም። ጥንት እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ጉድጓድ ነው፤ ውሃ ሞልቶት ክብ ሆኖ ተኝቷል። ጥልቀቱ 166 ሜትር ይደርሳል። ዳርቻው ዛፍ የለበሰ ቁልቁለት ነው። ሰው ጠዋት ገብቶ ዙሪያውን ቀስ እያለ ቢዞር፣ እየቆመ ቢያዳምጥ፣ ከዚያ የተሻለ ቀላል የእግር ጉዞ ጎጃም ውስጥ ብዙ አላውቅም። እኛ የተሰጠን አርባ ደቂቃ ነው። ከነስፒከሩ። አዎ፣ ስፒከር ይዘው መጥተው ዘፈን ከፈቱ።

ዋናው ማጭበርበር ሰዓቱ ላይ ነው። ሐይቁ ድብቅ ካለመሆኑ ይልቅ ይሄ ይብሳል። ወፍ የሚንጫጫው ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። በቀትር ወፉም ዝም ይላል፣ ጦጣውም ጥላ ይፈልጋል። ስለዚህ ቀትር ላይ አድርሶ «የዱር እንስሳት ጉብኝት» ማለት፣ ገበያው ከተበተነ በኋላ ሰው ገበያ ማውጣት ነው። ያየነው ሰው የለመዱ ጦጣዎች ብቻ ነው። አስጎብኚ የተባለው ልጅ ለፎቶ እንዲጠጉ ሙዝ ወረወረላቸው። እንዲህ የለመደ ጦጣ ነገ የሕፃን እጅ ላይ ያለውን ይነጥቃል። የእህቴ ልጅ አንድ ወፍ አሳይቶ «ጋሼ፣ ይቺ ምንድን ናት?» ብሎ ጠየቀው። «ወፍ ናት» አለው።

የርቀት መነጽሩ ለአሥራ አራት ሰው አንድ ነበር። ያውም አንዱ ዓይኑ አያሳይም።

ሁለተኛው ሐይቅ ለመንገድ ሥራ ድንጋይ የወጣበት ጉድጓድ ነው፤ ክረምት የሞላው ውሃ አቁሯል። ሦስተኛው ጥርባ ሐይቅ ነበር። እሱን በእውነት ማየት እፈልግ ነበር፤ «መንገዱ ጭቃ ነው» ተብሎ ተሰረዘ። «ጥንታዊ ጫካ» ያሉትን ደግሞ በመስኮት አሳዩን። ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ነው! የአዊ ገበሬ ለከሰል ብሎ የሚተክለው፣ በአራት በአምስት ዓመት የሚቆረጠው ዲከረንስ። ገበሬውን ጠቅሞታል፣ ይበለው። ግን እኔ ከልጁ ጋር ሆኜ ከሰል ልጎበኝ አልነበረም የሄድኩት።

ገንዘቤን መልሱ ብዬ ስጽፍላቸው መጀመሪያ «ተፈጥሮ ዋስትና የለውም» አሉኝ። እኔ እኮ ጉሬዛ አልታየም ብዬ አልከሰስኩም። 12 ሰዓት ብላችሁ 3 ሰዓት፣ ሦስት ሐይቅ ብላችሁ አንድ ነው ያልኩት። ከዚያ ብሎክ አደረጉኝ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ማስታወቂያውን ስክሪንሾት አድርጌ፣ ከቴሌብር መልእክቱ ጋር አያይዤ ለንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክቻለሁ። እናንተም ከመክፈላችሁ በፊት ስክሪንሾት አስቀሩ፤ በኋላ ይሰረዛል።

እንዲህ ያለ ጉዞ ካማራችሁ የሐይቁን ስም ጠይቁ። «ሰርፕራይዝ ነው» ካሉ ተዉት። ስንት ሰዓት ላይ ቦታው እንደምትደርሱ ጠይቁ፣ መቼ እንደምትነሱ አይደለም። ግማሹን ከጉዞው በኋላ እንከፍላለን በሉ፤ ደረሰኝ ያለው ድርጅት በዚህ አይጣላም።

እኔ ብሆን አሁን የማደርገው ሌላ ነው። የመንገዱን ሁኔታ የአካባቢውን ሰው ጠይቄ፣ ሰላም ከሆነ ከሰዓት በኋላ በሕዝብ ትራንስፖርት እንጅባራ ገብቼ አድራለሁ። ጋቢ መያዝ ነው፤ ብርዱ ቀልድ አያውቅም። ንጋት ላይ ሐይቁ ዳር ቁጭ ማለት፣ ዝም ማለት። የአካባቢው ወጣት ቢመራችሁ ጥሩ ነው፤ ዋጋውን ቀድማችሁ ተነጋገሩና ለእጁ ስጡት። ቁልቁለቱ ስለሚያንሸራትት ልጅ ከያዛችሁ ከውሃው ራቁ።

ትናንት ማታ በእህቴ ስልክ ቻናሉን ከፍቼ አየሁት። ያው ጉሬዛ፣ ያው ነጭ ጭራ። ዋጋው 2,000 ገብቷል።