በኩባያ መስፈር ወይስ በሚዛን መመዘን?

ለዳቦም ሆነ ለኬክ በኩባያ መስፈር ተጨማሪ ወጪ አይጠይቅም፤ ሚዛን ግን መገዛት አለበት። ዋናው ልዩነት የሚታየው በዱቄት ላይ ነው፤ 237 ሚሊ ሊትር በሚይዘው የአሜሪካ ኩባያ በማንኪያ እየተጨመረ የተሰፈረ የስንዴ ዱቄት 120 ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ኩባያው ራሱ ዱቄቱ ውስጥ ገብቶ ሲዛቅበት ግን እስከ 150 ግራም ሊደርስ ስለሚችል፣ ኬኩ ሳይታሰብ ይደርቃል። በሚዛን እንዲህ ያለ ስሕተት አይፈጠርም። ስኳር ብዙም ስለማይታመቅ በኩባያ 200 ግራም ገደማ ይሆናል፤ ውሃና ወተትም አያስቸግሩም። ለጥቂት እርሾ ወይም ጨው፣ የግራምን ክፋይ ከማይለይ የቤት ሚዛን ይልቅ የሻይ ማንኪያን እመርጣለሁ። የድፎ ዳቦ ሊጥ በእጅ እየተዳሰሰ ውሃ ስለሚጨመርበት ኩባያ ይበቃዋል፤ ኬክ ለሚጋግር፣ በተለይም መጠኑን ለሚያባዛ ሰው ግን ሚዛን ይሻላል።