የአፍንጫ ፖሊፕ፦ መታጠን ወይስ በጨው ውሃ ማጠብ?

ጋቢ ተከናንቦ በባሕር ዛፍ ቅጠል መታጠንን የማያውቅ ያገራችን ሰው አለ? ደስ ይላል፤ አፍንጫም ለጊዜው ከፈት ይላል። ፖሊፑን፣ ማለትም አፍንጫ ውስጥ የሚያድገውን ለስላሳ እባጭ ግን አያሳንሰውም። የፈላ ድስት ላይ ማጎንበስ ደግሞ ያቃጥላል። ልጆች ባሉበት ቤት እኔ አልደፍረውም።

በጨው ውሃ ማጠብም ፖሊፕ አያጠፋም፣ እውነቱን እንነጋገር። ግን ንፍጡንና አቧራውን ጠርጎ ያወጣል። ሐኪም የስቴሮይድ ስፕሬይ (አፍንጫ ውስጥ የሚነፋ እብጠት ቀናሽ መድኃኒት) ካዘዘላችሁ መጀመሪያ ታጠቡ፣ ከዚያ ንፉ። መድኃኒቱ ንፍጥ ላይ አይቀርም። ፖሊፕን የሚያሳንሰው ይሄ ስፕሬይ ነው፤ እሱም በየቀኑ ከተወሰደ።

ጣጣው ውሃው ላይ ነው። የቧንቧ ውሃ እንዳለ አይሆንም፤ መፍላት አለበት። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ለብ እስኪል ጠብቁና ለ240 ሚሊ ሊትር ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ፤ አዮዲን የሌለው ቢገኝ ይሻላል። መታጠቢያው ላይ አጎንብሳችሁ፣ አፍ ከፍታችሁ በአፍንጫ ማጠቢያ ዕቃ በአንዱ ቀዳዳ አስገቡ፤ በሌላው ይወጣል። የመጀመሪያ ቀን ወንዝ ውስጥ የወደቃችሁ ይመስላችኋል። ይለመዳል። ፖሊፑ ጭራሽ ዘግቶት ውሃው አላልፍ ካለ ግን በግድ አትግፉት። ዕቃውንም በየጊዜው አጥባችሁ አድርቁ።

እኔ ጨው ውሃውን እመርጣለሁ፤ መታጠኑ ለጉንፋን ቀን ይቆይልኝ። በአንድ ወገን ብቻ የሚታፈን ወይም የሚደማ አፍንጫ ግን የሁለቱም ጉዳይ አይደለም፤ ቶሎ የአንገት በላይ ሐኪም ይየው።