ጅሬንን ከአስጎብኚ ጋር
ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ በጅሬን ኮረብታ ላይ ወደሚገኘው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የወሰደን አስጎብኚ ከሕንፃው ይልቅ ያተኮረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዘመቻ የተመለሰ ወታደር በምን ይተዳደር እንደነበረ በማስረዳት ላይ ስለነበር፣ ለከፈልኩት ዋጋ ከጠበቅሁት በላይ አግኝቻለሁ። መደበኛ ደመወዝ ባልነበረበት በዚያ ሥርዓት ወታደሩ በየባላገሩ ቤት እያደረ ይቀለብ ነበር፤ በደቡብ ደግሞ ገባር እየተመደበለት፣ ጠመንጃውንም ሳያወርድ ይሰፍር ነበር። ዳግማዊ አባ ጅፋር ግን ለዳግማዊ ምኒልክ በሰላም ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ስላስጠበቁ፣ ጅማ ከዚህ ሰፈራ በአመዛኙ ተርፋለች።

በ1888 ዓ.ም. ከዐድዋ ቆስለው ስለተመለሱት ስጠይቀው ግን (ዋናው ጉዳይ ለእኔ ይህ ነበር) በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፈው። ዳገቱ አድካሚ ስለሆነ በጠዋት መውጣት ይሻላል።