አዲስ አበባ የእማዬን ቤት የውሃ መስመር አስቀየርኩ፣ ማን እንዴት እንደሰራልኝ

እኔ የምኖረው ዲሲ ነው፣ እዛ ደሞ የቧንቧ እርሳስ (ሊድ የሚሉት መርዛማ ማዕድን) ነገር ቀልድ አይደለም፣ በፈረንጆቹ 2000 ውሃ የሚያክሙበትን ክሎሪን ወደ ክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ ተቀላቅሎ የሚሰራ ማከሚያ) ሲቀይሩት ከድሮ የእርሳስ መስመሮች እርሳሱ እየለቀቀ ስንት ቤት ገብቷል። ስለዚ ጉለሌ እማዬ ጋ ጠዋት ሩቢኔቱን ስከፍት ሻይ የመሰለ ውሃ ሲወርድ፣ ዘመድ ሁላ ደሞ "ይሄ የጥንት የእርሳስ ቧንቧ ነው" ሲለኝ በቃ ይቀየር አልኩ።

ቧንቧ ሰራተኛው 5 ከ5። ከኪሱ ማግኔት አውጥቶ ቧንቧው ላይ ሲያስጠጋው ለጠፈ፣ "እርሳስ ቢሆን ማግኔት አይዘውም፣ በቢላ ስትፍቂውም ለስላሳ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ ይሄ ብረት ነው እህቴ" አለኝ። ቆርጦ ሲያሳየኝ ግማሽ ኢንቹ ቧንቧ ውስጡ ዝገት ሞልቶት ስክሪብቶ እንኳን አያስገባም። ውሃው በፈረቃ ስለሆነ መስመሩ ባዶ ሲሆን አየር ይገባና ይዝጋል፣ ውሃው ሲመለስ ደሞ በሃይል መጥቶ ዝገቱን ይዞት ይወርዳል፣ ጠዋት ጠዋት የሚቀላው ለዛ ነው። እርሳስ ቢሆን ኖሮ ቀለምም ጣዕምም የለውም፣ አታውቁትም፣ ማፍላትም አያጠፋውም እንደውም ውሃው ሲተን የቀረው ላይ ይበዛል፣ ይሄን ለእማዬ ለማስረዳት የፈጀብኝን ጊዜ ተዉት።

መርካቶ የገዛሁበት ሱቅ 2 ከ5፣ ስሙን አልጠራም። ለሙቅ ውሃ የሚሆነውን ወፍራሙን ፒፒአር (በሙቀት እየቀለጠ የሚገጣጠም የፕላስቲክ ቧንቧ) ብዬ ከፍዬ ቀጭኑን ጫኑልኝ፣ ሰራተኛው ቧንቧው ላይ የተጻፈውን አንብቦ ፒኤን 20 (የሚችለው ግፊት ደረጃ) አይደለም ብሎ መለሰው፣ ብር አንመልስም ብለው ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ቀየሩ። እናንተም ሱቁ በር ላይ ሆናችሁ ጽሁፉን አንብቡ፣ የነሐስ መገጣጠሚያ ስትገዙም ርካሹን አትውሰዱ፣ ነሐስ ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል።

ቆፋሪዎቹ ጎበዞች ናቸው፣ በሜትር ተነጋግረን የግቢውን ሲሚንቶ ሰበሩ፣ ከስር አሸዋ አልብሰው ጥቁሩን ፕላስቲክ ቧንቧ ቀበሩት። ፒፒአሩን ጸሀይ ላይ አትተዉት ይበላሻል።

ከቆጣሪ ውጪ ያለውን ግን እኛ አልነካንም፣ እሱ የውሃው መስሪያ ቤት ነው። ቅርንጫፉ ሄጄ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ በጣም ትሁት ነች፣ ግን ውሉ በአባዬ ስም ስለሆነና አባዬ ስላረፈ ወረቀት ፍለጋ ጀመርን፣ ከውጪ የምትመጡ ውሉ በማን ስም እንዳለ ከመምጣታችሁ በፊት ቤተሰብ ጠይቁ፣ ውክልናም ካስፈለገ እዛው ኤምባሲ ጨርሱት።

ዋጋ አልጽፍም፣ የብሩ ምንዛሬ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ የጻፍኩት ነገ አይሰራም። የእጅ ዋጋና የእቃ ዋጋ ግን ለየብቻ ተነጋገሩ፣ እቃውን ራሳችሁ ግዙ። ሰራተኛ ስትፈልጉ ደሞ የፒፒአር ማቅለጫ ማሽኑ የራሱ የሆነውን ያዙ፣ ግድግዳው ከመደፈኑ በፊት ውሃ ሞልቶ እንዲያሳድረው ንገሩት፣ የኛን አሳድሮት ነው ከኩሽናው ጀርባ አንዱ መገጣጠሚያ ሲያንጠባጥብ ያገኘው።