«ልምድ አንጠይቅም፣ ከመከላከያ የወጡ ይበረታታሉ» የሚለውን የሹፌር ማስታወቂያ ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው ከሠራዊት ተሰናብታችሁ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የመጀመሪያ የከባድ መኪና ሥራ ለምትፈልጉ ወንድሞችና እህቶች ነው። እኔም ኦራል የሚባለውን የሠራዊት ከባድ መኪና ስነዳ ኖሬ የወጣሁ ነኝ፤ አሁን ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ በኩል ጅቡቲ እመላለሳለሁ። ሰሞኑን የልጆቻችንን ኪስ እያጸዳ ያለ አንድ ዓይነት ውል አለ። ገንዘብ ሳታስይዙ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ማስታወቂያው ቴሌግራም ላይ ነው የሚወጣው፣ አንዳንዴ ኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይም ይለጠፋል። የሲኖትራክና የተሳቢ ሹፌር እንፈልጋለን፣ ልምድ አንጠይቅም፣ ከመከላከያ በክብር የተሰናበቱ ይበረታታሉ፣ ክፍያ በቢያጆ (በየጉዞው) ይላል። ስትደውሉ የሚያነሳው ባለንብረቱ ሳይሆን ደላላ ነው። «አብሽር ጀግናው! መኪናው ቆሟል፣ የጠፋው ሹፌር ነው» ይላችኋል። ቢሮ ስለሌለው ቀጠሮው ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አካባቢ ካለ ሻይ ቤት ነው። እዚያ ተቀምጣችሁ ኮንቴነር የጫነው ሲገባ ሲወጣ ስታዩ ልባችሁ ይከጅላል። ቦታውን የመረጠውም ለዚሁ ነው።

ከሻዩ በኋላ የገንዘቡ ወሬ ይመጣል። የደላላው ድርሻ አለ፤ እሱ ትንሹ ነው። ትልቁ «ተመላሽ የሆነ የመኪና መያዣ» የሚሉት ነው። በዚያ ላይ ዋስ ይፈለጋል፣ ያውም የቤት ካርታ ያለው ወይም ቼክ የሚያስይዝ ነጋዴ።

ሠራዊት ውስጥ በአንድ ክፍል አብሮኝ የነበረ ልጅ 50,000 ብር አስይዞ ገባ። ከስንብት ገንዘቡ የቀረው ያ ብቻ ነበር። መጀመሪያ «መንገዱን ልመድ» ተብሎ በረዳትነት ተቀመጠ፤ የሚሰጡት የምግብ ብቻ ነው። ጎማ ሲፈነዳ የሚፈታው እሱ፣ ሸራ የሚያስረው እሱ፣ ሌሊት ጭነት የሚጠብቀው እሱ። ከሁለት ወር በላይ እንዲህ ከሄደ በኋላ መሪ አስያዙት። ደርሶ ተመለሰ፣ ደግሞም ሄደ። ከዚያ «ፍሪሲዮን (ክላች) አቃጥለሃል» ተባለና ወረደ፤ መያዣውም ለጥገና ተብሎ ቀረ። አዲስ ሹፌር ፍሪሲዮን እንደሚያቃጥል አልክድም፣ ያጋጥማል። ነገር ግን የተቃጠለውን ዕቃ ያሳየው የለም፣ የጋራዥ ደረሰኝም የለም። ብዙም ሳይቆይ ያንኑ መኪና ሌላ ልጅ ይዞት አየሁ። ጠጋ ብዬ ስጠይቀው እሱም ከሠራዊት የወጣ ነው፣ እሱም አስይዟል።

ስለዚህ ባለንብረቱ ከጭነቱ ብቻ አይደለም የሚያገኘው። ረዳት በነጻ ያገኛል፣ ሹፌር በተቀየረ ቁጥር ደግሞ መያዣ ይገባለታል። እንዲህ ላለው ሰው ጥሩ ሹፌር ኪሳራ ነው፤ ጥሩ ሹፌር ይቆይበታላ!

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ ዋናው ተንኮል ያለው እዚያ ነው። ልጁ ውሉን በስልኩ ፎቶ አንስቶት ስለነበር ቁጭ ብለን አነበብነው። ርዕሱ «የሥራ ውል» አይልም፣ «የተሽከርካሪ ኪራይና የአደራ ውል» ነው የሚለው። ልጁ በየአንቀጹ «ተከራይ» ተብሎ ነው የተጠራው። ተከራይ በየቢያጆው የተወሰነ ገንዘብ ለአከራይ ያስገባል፤ ጎማ፣ የትራፊክ ቅጣት፣ የጭነት ጉድለት፣ ማንኛውም የሜካኒክ ብልሽት በተከራይ ነው፤ አከራይ ባሻው ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ መኪናውን ይረከባል። መጨረሻው ላይ በትንሽ ፊደል «ተከራይ የአከራይ ተቀጣሪ አይደለም» የሚል ሰፍሯል። ሻይ ቤት ውስጥ «ፎርማሊቲ ነው፣ ከታች ፈርም» የተባለው ይኼ ነው።

ተቀጣሪና ተከራይ መሆን ምን ያህል እንደሚራራቁ ልንገራችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተቀጣሪን ይጠብቃል። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም ደመወዝ ይከፈለዋል። «ለልምድ በነጻ» የሚባል ነገር የለም። አሠሪ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ ከደመወዝ አይቆርጥም፤ ሲቆርጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ በላይ መሄድ አይችልም። ተከራይ ግን ከዚህ አንዱንም የለውም። እሱ በወረቀት ነጋዴ ነው፤ ሲከስር ራሱ ከሰረ ማለት ነው።

እኔን ከገንዘቡም በላይ ያበሳጨኝ የልምዱ ነገር ነው። ልጁ ያንን ሁሉ የቻለው ልምድ አገኛለሁ ብሎ ነው። በአዋጁ መሠረት አሠሪ ሠራተኛው ሲለቅ የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የቆየበትን ጊዜና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነጻ መስጠት አለበት። ተከራይ ለሆነ ሰው ግን ማን የሥራ ልምድ ይጽፍለታል? ሄዶ ሲጠይቅ «አንተ መች ተቀጠርክና!» አሉት። የተሸጠለትን ነገር ከመጀመሪያውም አልነበራቸውም።

ተቀጥራችሁ እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ጡረታ ትቆርጣላችሁ?» ደንበኛ የግል ድርጅት ከሠራተኛው 7 በመቶ ይቆርጣል፣ ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል። ይህን ስትጠይቁ ፊቱ የሚለዋወጥ ሰው መልሱን ሰጥቷችኋል።

«ታዲያ ለምን እኛን?» ትሉ ይሆናል። እጃችን ላይ በአንዴ የገባ ገንዘብ እንዳለ ያውቃሉ። ሌላም አለ፤ እኛ ወረቀት ሲሰጠን የምንፈርም ሰዎች ነን። ስንት ዓመት ቅጽ ሲመጣ ፈርመን፣ ውጣ ሲባል ወጥተን ኖረናል። የበላይ የመሰለ ሰው ኮስተር ብሎ ሲያዝ «አንድ ጊዜ ላንብበው» ማለት ይከብደናል። ደላሎቹ ይህን ጠባያችንን አጥንተውታል። «ወታደር ጥሩ ነው፣ አይጨቃጨቅም» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እናንተ ተጨቃጨቁ! ወረቀቱን ይዛችሁ ውጡ፣ አሳድራችሁ አንብቡት፣ ነገር ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። ቤት ይዤ ልሂድ ስትሉ እምቢ ካሉ የሚቀርባችሁ ደህና ሥራ የለም።

ዋስን በተመለከተ እባካችሁ ዘመድ አታስበሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 የዋስትና ውል ዋሱ እስከ ስንት ብር ድረስ እንደሚጠየቅ ካልገለጸ አይጸናም። «ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ዋስ ነኝ» የሚል ወረቀት ስታዩ የብር መጠን ይጻፍበት በሉ፤ ባዶ ቦታውን በኋላ እንሞላዋለን ከተባለ አጎታችሁን ይዛችሁ ተነሱ። ቼክማ ፈጽሞ አይሆንም። ስንቅ የሌለው ቼክ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 የሚያስጠይቅ ነው። በእናንተ ፍሪሲዮን የተነሳ አንድ ሱቅ ያለው ዘመዳችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሲመላለስ ማየት አትፈልጉም።

«መኪናውን እየሠራህ ውሰደው» የሚለውም ውል የዚህ ወንድም ነው። በየወሩ እየከፈልክ በጥቂት ዓመት ባለመኪና ትሆናለህ ይባላል። ሊብሬው (የመኪናው የባለቤትነት ደብተር) ግን በባለቤቱ ስም ይቆያል፣ ብዙ ጊዜም መኪናው በባንክ ብድር የተገዛ ነው። እናንተ ከፍላችሁ ሰውየው ለባንኩ ካልከፈለ፣ ባንኩ በሕግ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። የእናንተን ክፍያ ባንኩ አያውቀውም። ቢያንስ ሰውየውን ይዛችሁ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሂዱና መኪናው እዳና እገዳ እንዳለበት አጣሩ። እግረ መንገዳችሁን ቦሎውን (የዓመታዊ ምርመራ ምልክቱን) እና የሶስተኛ ወገን መድኑን እዩ፤ ያላደሰውን መኪና ይዛችሁ ስትያዙ መንገድ ላይ የምትቆሙት እናንተ ናችሁ።

መንጃ ፈቃድም የራሱ ጣጣ አለው። የመከላከያውን ወደ ሲቪል የማስቀየሩን ጉዳይ ለደላላ አትስጡ፣ ራሳችሁ ሄዳችሁ ጨርሱት። የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ ይዛችሁ ቦቴ ላይ የሚያወጣችሁ ሰው ቢያጋጥማችሁ አትውጡ። አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ መጀመሪያ የሚጠይቀው መንጃ ፈቃዱ ከመኪናው ጋር ይገጥማል ወይ ብሎ ነው። የስንብት ማስረጃችሁንና መንጃ ፈቃዳችሁን ዋናውን ለማንም አታስይዙ። ኮፒ ይበቃቸዋል። ዋናው ማስረጃው መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈበት ልጅ ሌላ ሥራ ቢያገኝ እንኳ መሄድ አይችልም።

ደህና ባለንብረት የለም አላልኩም፤ እኔ አሁን የምሠራው እንዲህ ካለ ሰው ጋር ነው። ደህናው ሰው ስለ ገንዘባችሁ ሳይሆን ስለ አነዳዳችሁ ነው የሚጠይቀው። የእኔው አለቃ መጀመሪያ ቀን ከጎኔ ተቀመጠና ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት አስወረደኝ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለች ከተማ 1,850 ገደማ ላይ ወዳለች ከተማ በ25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው የሚወረደው። ጭነት ይዞ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ግሎ ግማሽ መንገድ ላይ ይከዳዋል። ሰውየው ምንም ሳይናገር ማርሽ የምቀንስበትን ቦታ ብቻ ነበር የሚያየው። ከወረድን በኋላ ስለ ደመወዝና ስለ ውሎ አበል አወራን፤ ውሉን ወስጄ አንብቤ መለስኩ። ለመኪና የሚሳሳ ሰው በ50,000 ብር ለማያውቀው እጅ ሚሊዮን የሚያወጣ ተሳቢ አይሰጥም። የሚሰጥ ካለ አንድም መኪናው የማይረባ ነው፣ አንድም ገቢው ሌላ ነው።

ሌላው ነገር ደግሞ በተሳቢ ካልጀመርኩ አትበሉ። ኦራል የነዳ ሰው መሪ አያስፈራውም፣ ግን እኛ በኮንቮይ ነበር የምንሄደው፤ ነዳጁም ስንቁም ጥገናውም ከክፍል ነው። እዚህ ብቻህን ነህ፤ ኩንታሉን ቆጥረህ ትፈርማለህ፣ ሲጎድል አንተ ትጠየቃለህ። ይህን ለመልመድ አይሱዙ ኤፍ ኤስ አር ወይም ገልባጭ ላይ አጭር መስመር መሥራት ጥሩ ነው፣ አሸዋና ድንጋይ፣ ወይም ወደ ሐርቡና ከሚሴ እህልና ሸቀጥ። ኮምቦልቻ ያሉት ፋብሪካዎች ሹፌር ሲፈልጉ ማስታወቂያ በራቸው ላይ ይለጥፋሉ። ረዳት ሆኖ መጀመርም አያሳፍርም፣ እየተከፈላችሁ ከሆነ። ደግሞ አስታውሱ፣ አዋጁ የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ የሚለው ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል የሚሠራውን ነው። ሥራ ላስገባህ ብሎ ከእናንተ የሚቀበል ሰው ከዚህ ውጭ ነው።

ቀድማችሁ የፈረማችሁ ካላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። የወረቀቱ ርዕስ ኪራይ ቢልም፣ በሰውየው ትእዛዝ እየወጣችሁና እየገባችሁ፣ ክፍያ እየተቀበላችሁ ከሠራችሁ ተቀጣሪ ነበርኩ ብሎ መከራከር ይቻላል፤ አዋጁ የሥራ ውል የሚለው አንድ ሰው በአሠሪው መሪነት ለክፍያ ለመሥራት ሲስማማ ነው። ለዚህ ማስረጃ ያስፈልጋል። የውሉን ፎቶ፣ ገንዘቡን ያስገባችሁበትን የባንክ ደረሰኝ፣ ስማችሁ ያለበትን የጭነት ሰነድ፣ «ነገ ጫን» እያለ የላከውን መልእክት አታጥፉ። መያዣውን በእጅ ከሰጣችሁ አሁኑኑ «ገንዘቤን መቼ ትመልሳለህ» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁት፤ የሚመልሰው መልስ ራሱ ማስረጃ ነው። ከዚያ ሳትዘገዩ ወደ ፍርድ ቤት ሂዱ። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ካለፈው በይርጋ ይታገዳል፤ «ሰኞ እሰጥሃለሁ» እያለ የሚያመላልሳችሁ ሰውም ይህንን ያውቃል።