ለሠራተኛው ድካም የተገዛልን አገልግሎት፦ አፑ ይቅር፣ የሰው ለሰው ንግግሩ ይቀጥል

የምሠራው ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ነው። ስክራብ ነርስ ነኝ፤ ለሰርጅኑ (ለቀዶ ሐኪሙ) መሣሪያ የማቀብል። መሥሪያ ቤታችን ለጤና ባለሙያዎች ድካም መላ ይሆናል ብሎ ከአንድ ድርጅት አገልግሎት ገዛልን። ውስጡ መጠይቅ አለ፣ የስልክ አፕ አለ፣ በየወሩ የሚካሄድ የውይይት መድረክ አለ። ሥራ ላይ ለሚጮኹና ለሚያመናጭቁ ባለሙያዎች የተዘጋጀ አሠራርም አለው። ሌሎች ሆስፒታሎችም እንዲህ ያለ ነገር ለመግዛት ያስቡ ይሆናል። ስለዚህ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ከአፑ ልጀምር፣ ቶሎ ስለሚያልቅ። ትንፋሽ ያስቆጥራል፣ የዝናብ ድምፅ ያሰማል፣ እንቅልፍ ይመዘግባል። አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ግን ከሌሊት ዲዩቲ ወጥቼ ስልኬን ስከፍት «በቂ እንቅልፍ አላገኘሽም» ይለኛል። ምን ላድርገው? ያልተኛሁት ተረኛ ጎድሎ እኔ ስለሸፈንኩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በርንአውትን (በሥራ መሟጠጥን) ሲተረጉም፣ በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ቦታ ጭንቀት የሚመጣ ነው አለ። በሽታ ብሎ አልመደበውም፤ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው ያለው። ምንጩ ሥራው ከሆነ፣ መፍትሔውን ለብቻዬ ስልኬ ላይ እንድፈልግ መጠየቅ ልክ አይመስለኝም። አፑን አጥፍቼዋለሁ።

መጠይቁ ይሻላል። ክርስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጡት፣ 22 ጥያቄዎች ያሉት መለኪያ ነው። ስሜታችን ምን ያህል እንደተሟጠጠ ይጠይቃል። በሥራችን ለሰው እንጠቅማለን ብለን እናምን እንደሆነም ይጠይቃል። እኔን ያስቆመኝ ግን በሽተኛውን ከሰውነት አውጥቶ እንደ ዕቃ ስለማየት የሚጠይቀው ክፍል ነው። እኛ ክፍል ውስጥ «ሐሞቷ ገባች?» «ሄርኒያው ቀጣይ ነው» መባባል የተለመደ ነው። ስም የሚጠራ የለም። ይህ ከድካም ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ከዚያ በፊት ማንም አልነገረንም። ድርጅቱን የማመሰግንበት አንድ ነገር አለ፦ የግል መልሳችንን አለቆቻችን እንደማያዩት በጽሑፍ አረጋግጦልናል። ያለዚያ ማን እውነቱን ይጽፋል? የሥራ ፈቃዴን ይነካብኛል ብሎ የሚፈራ ባለሙያ ብዙ ነው። የክፍላችንን አጠቃላይ ውጤት ግን ለእኛ አላቀረቡልንም። ይህ መስተካከል አለበት።

የውይይት መድረኩን ሐሳብ የወሰዱት ሽዋርትዝ ራውንድስ ከሚባለው ነው። ኬኔዝ ሽዋርትዝ የቦስተን ጠበቃ ነበር፤ በሳንባ ካንሰር ታሞ ሳለ ያከሙት ሰዎች ርኅራኄ ልቡን ነክቶታል። በስሙ የተቋቋመው ማዕከል መድረኩን እ.ኤ.አ. በ1997 በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ጀመረ። ደንቡ ግልጽ ነው። ስለ መድኃኒትና ስለ ምርመራ አይወራም። የሚወራው ሥራው ውስጣችን ስለሚተወው ነገር ነው። ሐኪሙም፣ ነርሱም፣ የጽዳት ሠራተኛውም አብረው ይቀመጣሉ።

እውነቱን ለመናገር ስንሄድ ብዙ አልጠበቅንም። አንድ አኔስቴቲስት (ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያ) የኦፕሬሽን ጠረጴዛ ላይ ስለሞተ ሕፃን ማውራት ጀመረ፤ መጨረስ አልቻለም። አወያይዋ አላጣደፈችውም። አንድ ትልቅ ሐኪም ምክር ሊሰጥ ሲል በትሕትና አስቆመችው። ከዚያ የጽዳት ሠራተኛችን ተነሣች። «ከእናንተ በኋላ ክፍሉን የማጸዳው እኔ ነኝ» አለች። «ደሙን አያለሁ። ሰውዬው ይዳን ይሙት ግን የሚነግረኝ የለም።» ስንት ዓመት አብረን ሠርተን ይህን አናውቅም ነበር። አሁን ከባድ ኦፕሬሽን ካለቀ በኋላ አንዳችን ሄደን እንነግራታለን።

ወደ አራተኛው፣ ለሚጮኹና ለሚያመናጭቁ ባለሙያዎች ወደ ተዘጋጀው አሠራር ልምጣ፤ ዋጋውን ያወጣው እሱ ነው።

ክፍላችን እጁ የተመሰከረለት ሰርጅን አለ። አንድ ቀን ቁስሉ ከመዘጋቱ በፊት፣ ሰውነት ውስጥ እንዳይቀር ደም የሚመጠውን ጎዝ ስንቆጥር አንድ ጎደለ። «ዶክተር፣ ቆይ፣ ቁጥሩ አልሞላም» አልኩት። መቀሱን ትሪው ላይ ወረወረው። «መቁጠር የማይችል ሰው ለምን ይልኩብኛል!» ብሎ ጮኸ። ጎዙ ከጨርቁ ሥር ተገኘ። እኔን ከስድቡ ይልቅ ያስጨነቀኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አዲሷ ነርሳችን እሱ ባለበት መናገር አቆመች። ቁጥር ቢጎድል ትናገራለች ወይ? እርግጠኛ አልነበርኩም።

ይህ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት አለ። በእስራኤል የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ባለሙያዎች፣ 24 ቡድኖች ሆነው፣ በማስመሰያ ልምምድ ተፈተኑ። ለተወሰኑት እንግዳ ባለሙያ መስሎ የቀረበ ሰው ንቀት ያለበት ነገር ተናገራቸው። ጩኸት እንኳ አልነበረም። የተናቁት ቡድኖች በምርመራውም በእጅ ሥራውም አነሱ። መረጃ መለዋወጥና እርዳታ መጠየቅም ቀነሱ። ሆስፒታሎችን የሚመዝነው የአሜሪካው ጆይንት ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ስልክ አለመመለስን፣ ለጥያቄ መልስ መንፈግን፣ የንቀት አነጋገርን ሁሉ ከስድብና ከቁጣ ጋር ቆጥሯቸዋል። እንዲህ ያለ ጠባይ ሲያጋጥመን የምንሞላው ቅጽ እነዚህንም ማካተቱ ደስ ብሎኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አጭር ቅጽ ትሞላላችሁ። ቅጹ መጀመሪያ የሚሄደው ሥልጠና ወደ ወሰደ፣ በማዕረግ የተከሰሰው ሰው እኩያ ወደሆነ ባልደረባ ነው። ባልደረባው የተከሰሰውን ለብቻ ያናግረዋል። «ይህ ታይቷል። አንተ እንዴት አየኸው?» ይለዋል። ፍርድ የለም፣ ቅጣት የለም። ነገሩ ከተደጋገመ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ይወጣል። በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ጄራልድ ሂክሰንና ባልደረቦቹ ያዳበሩት ዘዴ ነው።

ሰርጅናችንን ያናገረው የሌላ ክፍል ሐኪም ነበር። በንግግራቸው መሀል አንድ ነገር ወጣ። ሰርጅናችን ሌላው ሰርጅን ሥራ ከለቀቀ ጀምሮ የሁለት ሰው ጥሪ ለብቻው ይሸፍን ነበር። ያናገረውም ሰው በዚህ አላበቃም፤ የተረኝነት ፕሮግራሙን ይዞ አስተዳደር ጋ ሄደ። ሌላ ሰርጅን ተጨመረ። ድካሙን እረዳለሁ። ግን ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ያልደከመ ሰው አልነበረም፣ መቀስ የወረወረው ግን እሱ ብቻ ነው። ደስ ያለኝ ሁለቱም መታየታቸው ነው፤ ጠባዩም ተነገረው፣ ጫናውም ተቀነሰለት። ብዙ ቦታ አንዱ ብቻ ነው የሚደረገው። ወይ ሰውየው ይቀጣና ፕሮግራሙ እንዳለ ይቀጥላል፣ ወይ «ደክሞት ነው» ተብሎ ይታለፋል። አሁን ስንቆጥር እጁን ሰብስቦ ይቆማል። «ሲስተር፣ ቁጠሩ፣ እጠብቃለሁ» ይላል። አዲሷ ነርስም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትቆጥራለች።

ጉድለቱን አልደብቅም። የተከሰሰው የክፍል ኃላፊ ሲሆን ነገሩ ይንቀራፈፋል፤ እኩያ የሚባል ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ሌላ ዋርድ የምትሠራ ጓደኛዬ ቅጽ ሞልታ እስካሁን መልስ አላገኘችም። መድረኩም የሚካሄደው ቀን ላይ ስለሆነ የሌሊት ተረኞች አይደርሱበትም። ውሉ ሊታደስ ስለሆነ ሐሳባችሁን ስጡ ተብለናል። እኛ ክፍል የፈረምነው ወረቀት ላይ የአፑ ገንዘብ ለሌሊት መድረክ ይዋል፣ ኃላፊዎችን የሚያናግር ሰውም ከሌላ ሆስፒታል ይምጣ ብለናል።